ባክዊት ማን ይሁን?

ልጅነቱን ጂንካ ያሳለፈ ሰው ሁለት ነገሮችን የሚረሳ አይመስለኝም። አንደኛው ከተማዋን መሐል ለመሐል ያቋርጥ የነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ነው። ማረፊያ ስል ሬንጅ የፈሰሰበት እንዳይመስላችሁ፤ ሣር ነው። አውሮፕላን የሚመጣው በስንት አንዴ ስለነበረ በተረፈው ጊዜ ሜዳው የላሞች፣ የገበያተኞችና የኛ ነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ዘበኛው ፊሽካውን እየነፋ በመጀመሪያ ላሞቹን፣ ቀጥሎ እኛን ያባርራል። እውነቱን ለመናገር ላሞቹ ከኛ ይታዘዙ ነበር።

ሁለተኛው ቪዲዮ ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ ወንበሩ በድንጋይ ላይ የተጋደመ አጣና የሆነ ጠባብ ክፍል። ፊት ለፊት ከፍ ብሎ በተሠራ መደርደሪያ ላይ ቴሌቪዥኑ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። በሩ ላይ በተሰቀለች ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል፤ «ኮማንዶ»፣ «ራምቦ»፣ «የህንድ አሪፍ ፊልም»። (የህንድ ፊልሞች የየራሳቸው ስም አልነበራቸውም፤ ሁሉም «የህንድ አሪፍ ፊልም» ነበሩ።) መግቢያው ለአዋቂ 1 ብር፣ ለልጅ 50 ሳንቲም። 50 ሳንቲሙን ከየት እናመጣው እንደነበር አትጠይቁኝ፤ እናቴ ይህን መጽሔት ታነብባለች።

የማወጋችሁ 1993 ዓ.ም. አካባቢ ስለነበረ አንድ ቅዳሜ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴ ወደ ደቡብ ኦሞ የተመደበ የጎጃም መምህር ነው። የቪዲዮ ካሴቶቹ ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ ይመጡ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ በኮንሶና በወይጦ በኩል አቧራ ጠጥተው፣ ወንዝ ከሞላ አድረው የሚደርሱበት ነውና የታዘዘውና የመጣው አንዳንዴ አይገጥምም። የዚያን ዕለት ሰሌዳው ላይ የተጻፈው «ኮማንዶ» ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ያሉት ግን ሕፃናት ሆኑ። ጎልማሶቹ ተቆጡ፣ አጨበጨቡ፣ አፏጩ፣ በመጨረሻም ገንዘባቸውን አስመልሰው ወጡ። እኛ ቀረን።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። ለዚህ ቪዲዮ ቤቱ መላ ነበረው። የባለቤቱ የወንድም ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለነበረ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል። የሚያውቀውን ይተረጉማል፣ የማያውቀውን ይፈጥራል። የዚያን ቀን ካወራው ሁሉ ሁለት ነገር አልረሳሁም። አንደኛው፣ «እዚህ ክበብ ውስጥ ሴት የሚባል ዝር አይልም» ያለው ነው። ይኼስ ትክክል ነበር። ሁለተኛውን የተናገረው ጸጉሩ የቆመ ትንሽ ጥቁር ልጅ ብቅ ሲል ነው።

«ይኼ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ስሙ ባክዊት ይባላል።»

ቤቱ በሣቅ ሊፈርስ ደረሰ።

የፊልሙ ርዕስ «ዘ ሊትል ራስካልስ» ነው፤ ትንንሾቹ ዱርዬዎች እንበለው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ ነው። ስፓንኪ የሚባል ድንቡሼ ልጅ በሊቀ መንበርነት የሚመራው የሴት ጠሎች ክበብ አለ። ከአባላቱ አንዱ አልፋልፋ፣ ያ አናቱ ላይ አንዲት ዘለላ ጸጉር እንደ አንቴና የቆመችለት ልጅ፣ ዳርላን ይወድድና ክበቡን ይከዳል። ፍቅሩን ለመግለጥ ደግሞ ከቦታ ሁሉ የክበቡን ቤት ይመርጣል። ጓደኞቹ ሊያበላሹበት ሲመጡ ቤቱ በእሳት ይጋያል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቤቱን መልሶ ለመሥራት ገንዘብ ፍለጋ፣ የተሰረቀች የእንጨት መኪና፣ እሽቅድምድም፣ ሁለት ጉልበተኞችና አንድ የሀብታም ልጅ ነው። (የሀብታሙ ልጅ አባት ሆኖ ለአፍታ ብልጭ የሚለው ሰውዬ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ዶናልድ ትራምፕ ነው። ያኔ ጂንካ ማን ያውቀዋል!) በመጨረሻ ልጆቹ የሚያመልኩት የመኪና ተወዳዳሪ ሴት ሆኖ ይገኛል፤ ክበቡም በሩን ለሴቶች ይከፍታል። ኋላ እንዳወቅሁት የፊልሙ ዳይሬክተር ራሷ ሴት ናት፤ ፔኔሎፒ ስፊሪስ።

ይህችን መጨረሻ ግን እኛ አላየናትም። እሽቅድምድሙ እንደ ተጀመረ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ። ተርጓሚያችን የቀረውን በቃሉ አጫወተን። በሱ አተረጓጎም ስፓንኪ ኋላ ፖሊስ ሆነ።

በማግሥቱ እኛም ክበብ አቋቋምን። አምስት ነበርን። እስከዚያን ቀን የምናውቃቸው የትምህርት ቤት ክበቦችን ነበር፤ ፀረ ኤድስ ክበብ፣ ቀይ መስቀል፣ ሚኒ ሚዲያ። ሁሉም በመምህር ይመራሉ፣ ሁሉም ያስተምራሉ። ማንንም የማያስተምር፣ ዓላማው አንድ ቦታ ተሰብስቦ በር መዝጋት ብቻ የሆነ ክበብ ሊኖር እንደሚችል የነገረን ያ ፊልም ነው። ለነገሩ አዋቂዎቹ ይህን ቀድመውን ያውቁታል። ዕድሩም፣ ዕቁቡም፣ ጽዋውም የሚገባበት ሰው እንዳለ ሁሉ የማይገባበትም አለው።

ስም ለማውጣት ሦስት ቀን ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ቀረን። ሕጉ ግን ቶሎ ተጻፈ። 1ኛ፣ ሴት አይገባም። 2ኛ፣ መዋጮ በሳምንት 10 ሳንቲም። 3ኛ፣ ምስጢር ያወጣ ይባረራል። (ምስጢር አልነበረንም። ይህ ሕጉን ከመውጣት አላገደውም።) የመጀመሪያዋ ተቃዋሚያችን የ9 ዓመቷ እህቴ ነበረች፤ ስብሰባ ስንቀመጥ ከሩቅ ሆና በድንጋይ ትደበድበን ነበር።

ዋናው ጉዳይ ማን ማንን ይሁን የሚለው ነው። የሾፌሩ ልጅ የቆዳ ኳስ ስለነበረው ያለ ምርጫ ስፓንኪ ሆነ። አንደኛው ጸጉሩን በሳሙና አቁሞ መጥቶ አልፋልፋነቱን አስመሰከረ። የእሽቅድምድም መኪናስ ብትሉ፣ አዲስ አበባ ያሉ ልጆች በኩሽኔታ የሚጋልቡት ጋሪ እንዳለ ሰምተናል፤ ኩሽኔታ ግን አስፋልት ይፈልጋል። እኛ በአውሮፕላን ሜዳው ላይ ያረጀ ጎማ በዱላ እየመታን ተሽቀዳደምን። እኔ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበረ ጸሐፊ ተባልኩ። ፊልሙ ውስጥ ጸሐፊ ይኑር አይኑር አላስታውስም።

ቀጥሎ ስፓንኪ «ባክዊት ማን ይሁን?» ሲል ጠየቀ።

ዝም አልን። አምስታችንም ጥቁሮች ነን። አምስታችንም ኢትዮጵያውያን ነን። ተርጓሚያችን ደግሞ በግልጽ ነግሮናል፤ ከዚያ ሁሉ ልጅ የኛ አገር ሰው እሱ ብቻ ነው። ሆኖም ባክዊትን ልሁን ያለ አንድም አልነበረም። የተሣቀበት እሱ ነዋ።

እንግዲህ ስድስተኛው ልጅ የመጣው በዚህ ክፍት ቦታ ነው። ከኛ አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ የሚማር የአሪ ልጅ ነበር። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ይላል፤ እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ምጣድ፣ ድስትና እንስራ ትሸጣለች። ያስገባነው ወድደነው እንዳይመስላችሁ። ቤት መሥራት አቅቶን ነው። ከኔሪ ወንዝ ወዲህ ባለች ቁጥቋጦ ውስጥ እንጨት ተክለን፣ ጭቃ ብንለጥፍ ብንለጥፍ እየተሸነቆረ ይወድቃል። እሱ መጥቶ ቆሞ አየንና «ይኼ አፈር አይሆንም» አለ። የትኛው አፈር እንደሚሆን አሳየን። ጭድ ቀላቅሎ አቦካው፣ ሁለት ቀን አሳደረው፣ ከዚያ ለጠፈው። ግድግዳችን እንደ መስታወት ለሰለሰ። ስፓንኪ በጣም ስለተደሰተ «በቃ፣ አንተ ባክዊት ነህ» ብሎ ሾመው። እሱም ሹመት ነው ብሎ ተቀበለ።

ፊልሙን አላየውም። 50 ሳንቲም አልነበረውም። ስለዚህ እኛ ነን የምንነግረው። ፊልሙ ውስጥ በአንድ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ክብ ያለው ውሻ አለ፤ እኛ ውሻ ልናገኝ አልቻልንም፣ የሰፈራችን ውሾች ክበብ አይወዱም። ያንን ውሻ በጣቴ መሬት ላይ ስዬ አሳየሁት። ብዙ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ጆሮው ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ጅራቱስ? በሁለተኛው ቅዳሜ ከእናቱ ድስቶች መሐል ጭድ ተጠቅልሎ አንድ ክንድ የምታህል የሸክላ ውሻ ይዞ መጣ። ተተኩሳለች። ተቀምጣ ወደ ላይ ታያለች። ዓይኗ ዙሪያ ክቧ አለች። በራችን ላይ አኖርናት። ብዙ ነገር ተሰጥቶኝ ያውቃል፤ እንደዚያች ውሻ ያስደነቀኝ ግን ትዝ አይለኝም።

ከላይ እናቴ ይህን መጽሔት ታነብባለች ብዬ ነበር። እንግዲህ ይህንንም ታንብበው። አንድ ቀን ከትምህርት መልስ በቤታችን ጓሮ የበቆሎ ቆሎ ከአንድ ሳሕን ስንበላ አየችን። ስድስት እጅ ይገባል፣ ስድስት እጅ ይወጣል። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። ምንም አላለችም። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ግን ሳሕኑን በአመድና በፈላ ውሃ አጠበችው፤ ከዚያ ከሌሎቹ ዕቃዎች ለይታ አኖረችው። ማታ፣ «ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጋር እጅህን አንድ ገበታ እንዳታስገባ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ይበላሃል።»

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን ጂንካ አልተማረችውም፤ ከጎጃም ይዛው የመጣች ነው። እዚያ ሸክላ ሠሪውም ቀጥቃጩም ቡዳ ሲባል ኖሯል። አሪ ምድር ስትደርስ ያው ነገር በሌላ ስም ጠበቃት። በአሪዎች ዘንድ ሸክላና ብረት የሚሠሩት ወገኖች «ማና» ይባላሉ፤ አራሹ ከነሱ ጋር አይጋባም፣ አብሯቸውም አይበላም ነበር። የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶችና ትምህርት ቤት ይህን አጥር ሲሸረሽሩት ቆይተዋል። ያኔ ግን በቋንቋ የማይግባቡ ሁለት አገሮች በዚህ ነገር ያለ አስተርጓሚ ተግባብተው አገኘኋቸው። ድስቱን ሁለቱም ይገዛሉ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ በ93 ዓመት ውስጥ የኛ ጓሮ አልደረሰም።

ነገሩን ወደ ክበቡ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ስፓንኪ ስብሰባ ጠራ፤ ቅዳሜ፣ እሱ ገበያ ለእናቱ ዕቃ በሚሸከምበት ሰዓት። እጅ አወጣን። አራት ድጋፍ፣ አንድ ድምፅ ተአቅቦ። (አልፋልፋ አፍንጫውን እየጎረጎረ ነበር።) ሴት አይገባም ብሎ የጀመረ ሕግ እንዲህ ያለውን ለመጨመር ብዙ አያስቸግርም፤ ቦታው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ 4ኛውን አንቀጽ ጻፍኩት። «ሸክላ የሚሠራ ሰው ልጅ አባል መሆን አይችልም።» ጽሕፈቴ እንደነገርኳችሁ ጥሩ ነው።

ሰኞ ዕለት መጣ። ወረቀቱ በሩ ላይ በእሾህ ተሰክቷል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነውና ጣቱን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬደ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «አባል» የሚለው ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ። «አ፣ ባል» ብዬ አረምኩት። ልማድ ነው፤ የመምህር ልጅ ነኝ። «እሺ» ብሎ ቀጠለ። እስከ መጨረሻው አነበበው።

ከዚያ፣ «ውሻዋ ግን የኔ ናት» አለ።

«የክበቡ ንብረት ናት» አለ ስፓንኪ።

ትንሽ ቆመና ሄደ። አላለቀሰም። አልቅሶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ረስቼው ነበር።

ቤታችን በበልጉ ዝናብ ፈረሰ። ምርጊቱን የሚያድስ ሰው አልነበረንም። ክበቡም ያኔውኑ ፈረሰ፤ ስፓንኪ የመዋጮውን ገንዘብ ብስኩት ገዝቶበት ኖሯል። ከፍርስራሹ መሐል ውሻዋን እህቴ አነሣቻት። ሕግ የማያግዳት እሷ ብቻ ነበረች። «ባክዊት» የሚለው ስም ግን ከልጁ ጋር ትምህርት ቤት ውስጥ ቀረ። ከክበቡ ወጥቶም ባክዊት ነበር። እኔ በ1996 ዓ.ም. አባቴ ሲዛወር ከጂንካ ስወጣ እንኳ ክፍል ውስጥ ሌላ ስም ሲጠራለት አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ጋዜጠኝነት ስማር አዲስ አበባ አንድ ጓደኛዬ ቤት ያንን ፊልም እስከ መጨረሻው አየሁት። መጨረሻው ላይ በሩ ሲከፈት አልሣቅሁም፤ ጓደኛዬ ምን ነካህ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ፊልም የወለዱትን የጥንቶቹን ፊልሞች እየፈለግሁ ማየት ጀመርኩ።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ሃል ሮች የተባለው የካሊፎርኒያ ፊልም ሠሪ ሲያወራው እንደኖረው፣ አንድ ቀን እናቷ አሠልጥና፣ ቀባብታ ያመጣቻትን አንዲት ሕፃን ተዋናይ ሲያይ ሰለቸውና በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። ማዶ ልጆች በእንጨት ቁራጭ ይጣላሉ። ትልቁ ልጅ የትንሹን እንጨት ይፈልጋል። ሮች ዓይኑን መንቀል አቃተው፤ ሩብ ሰዓት ያህል አያቸው። «አወር ጋንግ» የተባለው ተከታታይ አጭር ፊልም ከዚህ ተወለደ ይላል። እስከ 1944 ድረስ 220 አጫጭር ፊልሞች ተሠሩ። ድምፅ አልባ ሆኖ ተጀምሮ ድምፅ አወጣ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ሌሎች ይተካሉ፤ ኋላም በ1950ዎቹ በቴሌቪዥን «ዘ ሊትል ራስካልስ» ተብሎ ለአዲስ ትውልድ ቀረበ።

እነዚህን ፊልሞች ሳይ ሁለት ስሜት ይፈራረቅብኛል። በአንድ በኩል፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ ልጅ አንድ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ሕግ በሚያግድበት ዘመን እነዚህ ልጆች በአንድ ጋሪ ይወድቃሉ፣ በአንድ ጭቃ ይቦካሉ፣ በአንድ ጎልማሳ ይባረራሉ። የመጀመሪያው ጥቁር አባል ኧርኒ ሞሪሰን ገና በ1919 ከሮች ጋር የረዥም ጊዜ ውል የፈረመ ልጅ ነበር። በሌላ በኩል ግን ሣቁ እኩል አይከፋፈልም። ነጩ ልጅ በሚሠራው ያሥቃል፤ ጥቁሩ ልጅ ብዙ ጊዜ በሆነው ያሥቃል፤ በጸጉሩ፣ በተቦጫጨቀ ልብሱ፣ በተኮላተፈ አነጋገሩ። ሃል ሮች ልጆቹን ወድዷቸዋል፣ ይህን አልጠራጠርም። እኛም እኮ ባክዊታችንን ወድደነው ነበር።

የጥንቶቹ ፊልሞች ባክዊት እውነተኛ ስሙ ቢሊ ቶማስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ተወለደ፣ በ1934 ወደ ፊልሙ ገባ። ስፓንኪ ወጣ፣ አልፋልፋ ወጣ፣ ዳርላ ወጣች፤ ቶማስ ግን በ1944 የመጨረሻው ፊልም እስኪሠራ ድረስ ነበረ። ኋላ ወታደር ሆነ፤ ከሠራዊቱ ሲወጣ ደግሞ ከካሜራ ፊት መመለሱን ትቶ በፊልም ማጠቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጠረ። በ1980 በ49 ዓመቱ ሞተ። ከሞተ በኋላ ደግሞ ኤዲ መርፊ የተባለው ወጣት ኮሜዲያን «ባክዊት»ን በቴሌቪዥን እያስመሰለ አሜሪካን በሣቅ አፈረሰ። ሰውዬው አልፏል፤ ስሙ መሣቂያ ሆኖ ቀጠለ።

ፈረንሳዮችም የራሳቸው አላቸው። ሉዊ ፔርጎ በ1912 የጻፈውን ልቦለድ ኢቭ ሮቤር በ1962 «የአዝራር ጦርነት» ብሎ ወደ ፊልም ለወጠው። የሁለት ጎረቤት መንደሮች ልጆች ይዋጋሉ፤ የተማረከ ልጅ የልብሱ አዝራር ይቆረጣል፣ ከዚያ ሱሪውን ይዞ ወደ እናቱ ይሄዳል። አዝራር እንዳያጡ ብለው አንድ ቀን ራቁታቸውን ይዘምታሉ። እኔ ከሁሉ ይህን እመርጣለሁ። ልጆች ጨካኞች መሆናቸውን አይደብቅም፤ ጭካኔውንም ከአባቶቻቸው እንደ ተረከቡት ያሳያል። (ጂንካ ላይ ይህ ጦርነት ባልተካሄደ ነበር። የኛ የትምህርት ቤት ሸሚዝ አዝራር እንኳን ለጠላት ለባለቤቱም አልተረፈም፤ በመርፌ ቁልፍ ነበር የምንይዘው።)

አንዳንዴ ለምን በደቡብ ኦሞ እንዲህ ያለ ፊልም አልተሠራም እላለሁ። ካሜራ ያልደረሰበት አገር ሆኖ አይደለም። ሮበርት ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሐመር «የአሸዋ ወንዞች»ን ሠርቷል። ኢቮ ስትሬከርና ጂን ላይዳል ዕድሜያቸውን ከሐመሮች ጋር አሳልፈው ስለ ከብት ዝላዩም ስለ ሴቶቹም ፊልም ሠርተዋል፤ ጂንካ ከተማን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ሲመሠረትም የስትሬከር እጅ አለበት። እነዚህን ፊልሞች አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን አብዛኛው ወደዚያ የሚዞር ካሜራ፣ በተለይ የቱሪስቱ፣ ሥርዓት እንጂ ተንኮል አይፈልግም። ተንኮሉ ደግሞ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል። ወደ ቀይ አፈር ሲቀርቡ የበና ልጆች ገላቸውን በነጭ ቀለም ተዥጎርጉረው፣ በረዣዥም እንጨት ላይ ቆመው እንደ ቀጭኔ ይንጎራደዳሉ። መኪናው ሲቆም ሒሳብ አለ፤ ያለ ሒሳብ ፎቶ የለም። ሌሎቹ ደግሞ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ፍለጋ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ አስፋልቱ ዳር እየጨፈሩ ይሮጣሉ። ፈረንጁ ጥንታዊ ባህል አየሁ ብሎ ይሄዳል። ልጆቹ ደግሞ ዞር ብለው ምን እንደሚባባሉ፣ ከመካከላቸው ማን አለቃ፣ ማን ጸሐፊ፣ ማንስ ባክዊት እንደሆነ ቀርጾ ያሳየን የለም።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጽሑፍ ጉዳይ ጂንካ ሄጄ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ነበረ። ከአውቶቡስ ወርጄ ሻንጣዬን ይዤ ስቆም ባጃጆቹ ተሰልፈዋል። የአንደኛዋ ኋላ ላይ ዛሬ በየከተማው እንደምናየው ጥቅስ የለም፤ በትልልቅ ቀይ ፊደል አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል። ባክዊት።

ገባሁ። ገበያ በለኝ አልኩት።

ሾፌሩን ከኋላ ነው የማየው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ኮፍያ። በመስታወቱ አንዴ አየኝ። ብዙ ሳንሄድ አላስችል አለኝ።

«ኋላ ላይ የጻፍከው ምን ማለት ነው?»

«ባክዊት? ፊልም ላይ ያለ ልጅ ነው ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም። እዚህ ግን እኔን ሁሉም የሚያውቀኝ በሱ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ አይተውታል?»

«አይቻለሁ።»

«ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

በጉዞዬ ሁሉ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣብኝ አላሰብኩም ነበር። ጸጉሩ የቆመ ልበለው? እንደዚያ ልለው አልቻልኩም። «ከልጆቹ ሁሉ ክበቡ ውስጥ እስከ መጨረሻ የቆየው እሱ ነው» አልኩት።

ሣቀ። ሣቁ ረዘም አለ። ገበያው አፍ ላይ ስንደርስ ድስትና ምጣድ በሚሸጥበት በኩል ጥግ ይዞ አቆመና ወደ ኋላ ዞረ።

«ውሻዋስ?» አለኝ።

ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጋሼነቴ ቀርቷል።

«አለች» አልኩት። «እህቴ ቤት። ሐዋሳ።»

«አልተሰበረችም?»

«አንድ ጆሮዋ።»

«ግራው» አለ። «ገና ስሠራት ስስ ነበረ። ብነግርህ አልሰማህም፣ ቀጥ አድርገህ ነበር የሳልከው።»

ስንት ነው አልኩት። 20 ብር አለ። 100 ብር ሰጠሁትና መልሱን ተወው ልል አፌን ስከፍት አየኝ። ዘጋሁት። ኪሱን ዳብሶ፣ ከጎኑ ካለው ባለ ባጃጅ ዘርዝሮ፣ 80 ብሬን ቆጥሮ ሰጠኝ።